አክስቴ ካዝናዋና የተበሳው ካርቶን

አክስቴን ትምህርት ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ተማሪው ሁሉ «ካዝናዋ» ነው የሚላት። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ አንድ ቀን አፋቸውን አዳልጧቸው በስብሰባ መሃል «እስቲ ካዝናዋን ጥሩልኝ» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፍርሰውታል። ሥራዋ ማባዣ ክፍል ነው። ፈተና ትተይባለች፣ ታባዛለች፣ ትቆጥራለች፣ በፖስታ አሽጋ ታስረክባለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያች ክፍል አንዲት ጥያቄ አምልጣ አታውቅም። ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ነው፤ ስትተኛም አታወልቀውም። የመስኮቱን መስታወት ከውስጥ በካርቶን ሸፍናዋለች። የተበላሸ ወረቀት ሲኖር ጓሮ ባለው በርሜል ራሷ ታቃጥለዋለች፣ አመዱንም ቆማ በእንጨት ታማስለዋለች። አመድ ማን እንደሚያነብ እንግዲህ እሷ ትወቅ።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምኖረው አክስቴ ጋ ነው። የክፍል ጓደኞቼ መጀመሪያ ላይ ቀንተውብኝ ነበር፤ ፈተና የምታባዛ ሴት ቤት የምታድር ልጅ መልሱን ከነቁርሷ የምትበላ መስሏቸው። ኧረ ወዲያ! ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የፊዚክስ ፈተና ጨንቆኝ፣ እራት ላይ በጨዋታ አስመስዬ ምዕራፍ ሦስት ይገባ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዝም ብላ በልታ ጨረሰች፣ ሳህኗን አነሳች፣ ከዚያ ፈተናው እስኪያልፍ አራት ቀን ሙሉ ከ«እንደምን አደርሽ» ሌላ ቃል አልተነፈሰችልኝም። እኔ ሞኟ ዝምታዋን «አይገባም» ብዬ ተርጉሜ ምዕራፉን ዘለልኩት። ገብቶ ቁጭ።

የማባዣ ክፍሉ በር ላይ «ተማሪ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ክልክል ማለት ለሁሉም ክልክል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳ ዕቃዋን የማቀብላት ከደፉ ውጪ ቆሜ ነበር። በሩን በእግሯ ገርበብ አድርጋ ይዛ፣ በቀለም በጠቆረ አውራ ጣቷ ምሳውን ተቀብላ፣ «በይ ሂጂ» ትለኛለች። ከጀርባዋ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፣ የቀለምና የትኩስ ወረቀት ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል።

ስለ ሥራዋ አንድ ነገር ማወቅ ይኖርባችኋል፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ጋ ፈተና ሁሌ በሁለት ዓይነት ይባዛል፣ ኮድ አንድና ኮድ ሁለት። ጥያቄው አንድ ነው፣ ተራው ግን ይቀያየራል፤ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች እንዳይኮራረጁ። በወረቀቱ ግራ ጥግ ላይ ጉንዳን የምታህል ቁጥር አለች፣ እሷን ካላየህ ልዩነቱን አታውቅም። መምህራን ሲያርሙ ደግሞ አንድ ካርቶን ወስደው በትክክለኛው መልስ ቦታ ላይ ይበሱታል። ካርቶኑን የተማሪው ወረቀት ላይ ጣል አድርገው በቀዳዳው ውስጥ የታየውን ምልክት መቁጠር ብቻ ነው። ለሁለት ኮድ ሁለት ካርቶን። በዚህ ሥራ የሒሳብ መምህራችንን የሚስተካከል የለም፤ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ አንድ ክፍል አርመው ይነሳሉ፣ ይህንንም ለሰማ ላልሰማ ይናገራሉ።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ ትምህርት ቤታችን ከተከፈተ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት በተማሪው ድምፅ ይመረጥ ተባለ። ድሮ መምህራን ተሰብስበው አንደኛ የወጣውን ልጅ ይሰይሙ ነበር። ነገሩን ያስቀየረችው የሥነ ዜጋ መምህርታችን ናት። ወጣት ናት፣ ስትናገር ጠመኔው እጇ ላይ ይሰበራል፣ «ዲሞክራሲን ሸምድዳችሁ ብትጽፉልኝ ምን ያደርግልኛል?» እያለች ርዕሰ መምህሩን ዓመት ሙሉ ነዝንዛ አስፈቀደች። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች። «ዲሞክራሲ ምን ማለት ነው» የሚለውን ጥያቄ ከነአራት ምርጫው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንደተየበችው፣ ሲሠራበት ግን አንድም ቀን እንዳላየች ነገረችኝ።

ሁለት ሆነን ቀረብን። አንደኛዋ እኔ። ክርክር ስለማልጠላ «ጠበቃዋ» ይሉኛል፣ እኔም ጠበቃ ነው የምሆነው። የያዝኩት ጉዳይ ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ከትምህርት በኋላ ይቆለፋል፣ ቅዳሜም ዝግ ነው። ከእኛ ክፍል ብቻ ቤታቸው ማጥኛ ጥግ የሌላቸውን አሥራ አራት ልጆች አውቃለሁ፤ አንዷ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው የምታጠናው። የመልቀቂያ ፈተና ደግሞ ደረጃ ላይ ተቀመጥሽ ብሎ አያዝንላትም። ሁለተኛው ተወዳዳሪ የእግር ኳስ ቡድናችን አምበል ነው። እሱ የያዘው የግቢውን ቧንቧ ነበር፤ ስድስት ቧንቧ ተተክሎ ውሃ የሚመጣው በአንዱ ብቻ ነው፣ በእረፍት ሰዓት ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል። ቧንቧ! እኔ ስለ ሰው ዕድል እያወራሁ እሱ ስለ ቧንቧ። ግን ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፣ ከዘጠነኛ ክፍል ሕፃን ጋር እንኳ ትከሻ ተቃቅፎ ነው የሚሄደው፣ እናም ፈራሁት።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት መቼም አልረሳቸውም። ትምህርት ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። በየግድግዳው ወረቀት፣ በየመተላለፊያው ክርክር። አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ልጆች ወንበር ላይ ወጥተው ሲናገሩ አየሁ። እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ማሸነፌን በልቤ ጨርሼው ነበር፣ ለእናቴም በስልክ ነግሬያታለሁ።

በምርጫው ቀን የድራማ ክበቡ መጋረጃ አዳራሹ ጥግ ላይ ተዘረጋ፣ አናጺው የሠራት ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ተሰለፈ። ተራዬ ሲደርስ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ ስሜ ከላይ የእሱ ከታች። ስሜ በፊደል ተራ ሁሌም ቀዳሚ ነው፤ በስም ጥሪ ላይ አንደኛ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ልቤ እየዘለለ ምልክቴን አደረግሁ።

ቆጠራው ላይ ታዛቢ የሚባል ነገር ያሰበ የለም፤ የመጀመሪያችን ነዋ። የሒሳብ መምህሩ ሳጥኗን ወደ መምህራን ክፍል አስገብተው በአርባ ደቂቃ ቆጥረው፣ የበሱትን ካርቶን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦ አምበሉ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ እኔ ሁለት መቶ አንድ። በአሥር ድምፅ! ግቢው በጩኸት ሲናወጥ እኔ ቦርሳዬን አንስቼ በጓሮ በር ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ፣ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ሰው የሞተብኝ መስሎት ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር።

የወንበር ጓደኛዬ ተከትላኝ መጣች። አክስቴም ከሥራ ገባች፣ ሻይና ዳቦ አቀረበች፣ «አይዞሽ» ሳትል ተቀመጠች። እኔ እያለቀስኩ እበላለሁ። ጓደኛዬ እኔን ለማጽናናት የማትለው የለም፤ በመጨረሻ ሁሉም ስምሽ ከታች ስለተጻፈ ነው አለችኝ። ከላይ ነው የተጻፈው አልኳት። ከታች ነው በዓይኔ አይቻለሁ አለች። እኔም በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ስሜን አላውቅም እንዴ ብዬ ጮህኩባት፤ ሐዘኑ ቀርቶ ጠብ ሊሆን ነው። ያኔ አክስቴ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ማነው የቆጠረው?»

የሒሳብ መምህሩ ናቸው አልናት።

«ስም እያነበቡ ነው?»

በካርቶን ነው አልናት። በስተው፣ ወረቀቱ ላይ ጣል እያደረጉ፣ በአርባ ደቂቃ።

«ስንት ካርቶን?»

«አንድ» አለች ጓደኛዬ።

አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። የምርጫውን ወረቀት በሁለት ኮድ ነው ያባዛችው። በግማሹ እኔ ከላይ፣ በግማሹ አምበሉ ከላይ። ለማንም አልተናገረችም፤ ካዝናዋ መቼ ተናግራ ታውቃለች! ሰው የምርጫ ወረቀት ሲቆጥር ስም ያነባል እንጂ በካርቶን ያርመዋል ብላ በሕልሟም አላሰበችም። መምህሩ ደግሞ መጀመሪያ ያገኙትን አንድ ወረቀት አይተው በስተዋል፣ የቀሩት ላይ ስሞቹን ካርቶኑ ሸፍኖባቸዋል። ግማሹ ወረቀት ላይ የእኔ ድምፅ ለእሱ፣ የእሱ ድምፅ ለእኔ ተቆጥሯል።

ነገሩ ሲገባኝ ዳቦውን ወርውሬ ተነሳሁ። አልተሸነፍኩም ማለት ነዋ! ጓደኛዬን አቅፌ ዘለልኩ፣ አሁኑኑ ርዕሰ መምህሩ ቤት እንሂድ አልኩ። አክስቴ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። ፊቷን ሳየው ደስታዬ ግማሽ ላይ ቆመ። የእህቷ ልጅ በተሸነፈች ማግስት ኮድ የሚባል ነገር ይዛ ብትቀርብ ሰው ምን እንደሚል ልትነግረኝ አላስፈለጋትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አመድ ስታማስል የኖረችለትን ስም በአንድ ጠዋት ልታጣው ነው። ዝም ብትልስ? ከእኔና ከጓደኛዬ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ያሰብኩት ወንበሩን ብቻ ነው። ለመንኳት፣ ተነጫነጭኩባት፣ ጠበቃ እንደመሆኔ ነጥብ ደረደርኩላት።

«ዝም በይ» አለችኝ። «ስላንቺ አይደለም የማስበው። አራት መቶ ልጅ የሠራሁትን ወረቀት አምኖ ድምፁን ሰጥቷል።»

በማግስቱ ቀድማኝ ወጣች። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የሆነውን የሥነ ዜጋ መምህርታችን ናት በኋላ የነገረችን። የሒሳብ መምህሩ ተቆጥተዋል፤ እኔ ቆጥሬ ስቼ አላውቅም ብለዋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ውጤቱ ተነግሮ አልቋል፣ ሕዝቡን መረበሽ ምን ያደርጋል፣ ቢተው ይሻላል ብለዋል። አክስቴ እንግዲያው በሰልፍ ላይ ራሴ እናገራለሁ፣ ከዚያ ከሥራም አባርሩኝ ብላ ድርቅ አለች። ርዕሰ መምህሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ ማይክሮፎኑን ሰጧት።

በሕይወቷ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ሁለት ወረቀት ይዛ መድረኩ ላይ ስትወጣ ሰልፉ በሹክሹክታ ሞላ። እኔ ከአሥራ አንደኛ ክፍል መስመር አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ወረቀቱ ሁለት ዓይነት እንደነበር፣ ለማንም እንዳልተናገረች፣ ስህተቱ የእሷ እንደሆነና ማን እንዳሸነፈ እሷም እንደማታውቅ ባጭሩ ተናገረች። ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ «የአክስት ምርጫ!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቅ ተከተለ፣ ፉጨት ተከተለ። ጆሮዬ ጋለ። አክስቴ ከመድረኩ አልወረደችም። ወረቀቶቹን ከፍ አድርጋ እንደያዘች፣ ቁልፏ ከልብሷ ወጥቶ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቆመች።

ያኔ አምበሉ ከመስመሩ ወጣ። እኔ ሊሰድባት ነው ብዬ ተከትዬው ልሮጥ ነበር። መድረኩ ሥር ደርሶ ወደ ተማሪው ዞረ።

«ይቆጠር» አለ። «በካርቶን ቀዳዳ ሾልኮ የገባ ፕሬዚዳንት መባል አልፈልግም።»

ሳቁ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ። እንዴት ዓይነት ልጅ ነው በሉ! ወንበሩን ይዟል እኮ፣ ዝም ቢል ማንም ምንም አይለውም ነበር። በዚያች ደቂቃ በጣም ተናደድኩበት፤ እኔ ልናገረው የሚገባኝን ነው የተናገረው።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ተቋረጠ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፣ ያልበቃው በየመስኮቱ ተንጠለጠለ። ከየክፍሉ አንድ አንድ ቆጣሪ ተመረጠ። አንዱ ወረቀቱን ያወጣል፣ ከፍ አድርጎ ለሁሉም ያሳያል፣ ሌላዋ ስሙን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ሁለት ልጆች ሰሌዳው ላይ ጭረት ያሰምራሉ። አክስቴ አንድም ወረቀት አልነካም ብላ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዲያያቸው። የሒሳብ መምህሩ የበሱትን ካርቶን ኪሳቸው ከተው ከኋላ ቆመዋል።

የመጀመሪያው መቶ ሲያልቅ እኔ ሃምሳ ስድስት፣ እሱ አርባ አራት። የእኛ ክፍል ጣሪያውን በጩኸት ሊያነሳው ደረሰ፣ የወንበር ጓደኛዬ ክንዴን በጥፍሯ ቧጨረችው። ከዚያ የእሱ ስም በተከታታይ መጠራት ጀመረ፣ ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ። ሁለት መቶ ላይ እኩል ሆንን። ከእያንዳንዱ ወረቀት በፊት አዳራሹ ትንፋሹን ይውጣል፣ ስሙ ሲጠራ ይፈነዳል። ደጋፊዎቼ ሳይቀሩ ማን አሸነፈ የሚለውን ረስተው በቆጠራው ራሱ አበዱ፤ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የራሱን ወረቀት ያወቀ መስሎት «የኔ ናት!» ብሎ ከመስኮቱ ሊወድቅ ነበር። እኔ ከሦስት መቶ በኋላ መቁጠር ትቼ ሰሌዳው ላይ ያለውን የጭረት ክምር በዓይኔ እለካ ነበር። የእሱ ክምር እየረዘመ ሄደ።

ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ለመቶ ሰማንያ ስድስት። በአርባ ድምፅ ተሸነፍኩ። አያችሁልኝ? መጀመሪያ በአሥር ነበር! ኮዱ ያንን ያህል ሸፍኖልኝ ኖሯል። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ሁሉም ሰው ዞሮ በሩ አጠገብ ያለችውን ሴት አየ። ስሟን ለአደጋ ያጋለጠችው የእህቷን ልጅ ለማስመረጥ ሳይሆን፣ ልጅቷን በሠላሳ ድምፅ የበለጠ ላስሸነፋት ቆጠራ እንደሆነ እያንዳንዱ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ጭብጨባው ከመስኮቶቹ መጣ። አክስቴ ግራ ገብቷት ተነሳች፣ ማሽኑ ሳይጠፋ ቀርቷል ብላ ወጥታ ሄደች። ጠዋት «የአክስት ምርጫ» ብሎ የጮኸው ልጅ በሩን ከፈተላት፤ ራሱንም ዝቅ አደረገ።

በነጋታው የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህርታችን ጠመኔ እንኳ አላነሳችም። ከመጽሐፉ ትርጉም ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። አንዱ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ስላየን ብቻ አምነን ወደ ቤታችን ሄድን አለ፣ ሞኞች ነበርን። ሌላዋ፣ ቆጣሪ ያልላክነው እኛ ነን፣ ጥፋቱ የኛም ነው አለች። እኔን ጠየቁኝ። ለስኬት መታገል ማለት ለእኔ ማሸነፍ ብቻ እንደነበር፣ ለአክስቴ «ተናገሪ» ያልኳትም ለወንበሩ ስል እንደሆነ ተናገርኩ። ስናገረው ፊቴ ይቃጠል ነበር፣ ግን ተናገርኩት። ደወል ተደወለ፣ የተነሳ የለም።

ያን ቀን ቤት ስገባ አንድ ያልገባኝን ነገር ጠየቅኳት። ፈተና በሁለት ኮድ የሚባዛው እንዳንኮራረጅ ነው፤ ድምፅን ማን ይኮርጃል? ምርጫን በሁለት ኮድ ማባዛት ምን አመጣው? አክስቴ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በጨርቅ ስትፈትግ ቆየች።

«ስምሽ ከላይ ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። «በፊደል ተራ። ሰው መጀመሪያ ያየው ላይ ምልክት ያደርጋል ብዬ ፈራሁ። አክስቷ ስላባዛችው ከላይ ወጣች እንዳይሉሽ... ግማሹ ላይ አወረድኩሽ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ሦስት ዓመት ከደፍ ውጪ ስታቆመኝ እንደማትወደኝ የማስብባቸው ቀናት ነበሩ፣ አሁን አፍሬ አልነገርኳትም። ትንሽ ቆይቼ ያለ ካርቶኑም በደንብ ወርጃለሁ ስላት በሳቅ ፈረሰች።

ከሳምንት በኋላ አምበሉ ወንበሬ ድረስ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱን ለማስከፈት ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ እንጻፍ፣ ነጥቦቹን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም አለኝ። ስለ ቧንቧውም አንድ አንቀጽ ይግባ አለ። ተከራከርን፣ ተስማማን፣ በእጄ ጻፍኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ማባዣ ክፍል ይዤው ሄጄ ከደፉ ውጪ ቆምኩ። አክስቴ በሩን በእግሯ ገርበብ አደረገች፣ ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ዛሬ ፈተና የለም» አለች። «ከእንግዲህ እናንተን የሚመለከት ወረቀት ስሠራ የተማሪ ዓይን ያስፈልገኛል። ግቢ።»

ገባሁ። ክፍሏ እንዳሰብኳት ሰፊ አይደለችም፤ ማሽኑ፣ የወረቀት እሽጎች፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ወንበር። ወንበሩን ለእኔ ሰጥታ ቆማ ተየበች። ሲያልቅ አነበብኩት፣ ግራ ጥጉ ላይ ቁጥር እንደሌለም አየሁ። ከግርጌ ሁለት ስም አለ። የፕሬዚዳንቱ ከላይ፣ የእኔ ከታች። ስለ ፊደል ተራ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፣ እስክሪብቶ ጠየቅኳትና ፈረምኩ።